ያላበው ቅብ

ሐምሌ 2

ዛሬም አልደረቀም። ትናንት የውሃ ታንከሩን ውስጡን ቀብተን አሳደርነው፤ ዛሬ አውራ ጣቴን ባሳርፍበት አሻራዬ ቁልጭ ብሎ ቀረ። ከድብልቁ የተረፈው ግን ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፤ በመዶሻ ነው የሰበርነው። አንድ ድብልቅ፣ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ፣ ብረቱ ላይ ሊጥ።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይሄ ታንከር የሚሄደው ለእናቶች ሆስፒታል ነው። አራስ ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ነው የሚጠራቀምበት። ቀለም ቀለም ቢሸት ማን ሊጠየቅ ነው?» አለኝ። መልሱን ያውቀዋል። የቅብ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፤ ሙጫውና ማጠንከሪያው። ሲገናኙ ይያያዛሉ፣ ሲያያዙ ይሞቃሉ፣ ሲሞቁ ደግሞ ይብስ ይያያዛሉ። ባልዲ ውስጥ ክምር ስለሆነ በራሱ ሙቀት ይበስላል። ብረት ላይ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ሲቀባ ግን ቀዝቃዛው ብረት ሙቀቱን ይነጥቀዋል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ክረምት ነው። መድኃኒቱ ክፍሉን ማሞቅ ነው።

ሐምሌ 5

ከመጋዘን ሁለት የላምባ ማሞቂያ አስወጣሁ። አቧራቸውን አራግፌ ክሩን አስተካክዬ ለኮስኳቸው። ክፍሉ ወዲያው ለዘብ አለ፤ ያልደረቀውን ፍቀን እንደገና መቀባት ጀመርን። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሞቀ፣ «ለዚህ ነው እኮ አንተን የምወድህ» አለኝ።

ቀጭኔ ብቻ ፊቱን አጨፈገገ። ቀጭኔ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቁመቱ ከበር ስለማይስማማ ሁሉም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ባለፈው ዓመት እኔው ነኝ ያስገባሁት። ይደባልቃል፣ ይቀባል። «ጋሼ፣ ሽታው ትንሽ አይከብድም?» አለኝ።

«ብርዱ ነው የሚከብደው» አልኩት።

ሐምሌ 9

ቅቡ አላበው።

ሌላ ቃል የለኝም። ላዩ ላይ ነጭ፣ ቅባት ቅባት የሚል ነገር ወጥቶበታል፤ በሻማ የታሸ ይመስላል። በጣት ሲጠረግ ይለቃል፣ ታች ያለው ግን ገና ለስላሳ ነው። አሴቶን ያራስኩበትን ጨርቅ ጥቂት ባሸው ቀለሙ ተገፎ መጣ። የበሰለ ኢፖክሲ በአሴቶን አይገፈፍም።

ክፍሉ ሞቋል። ብረቱ ሞቋል። ታዲያ ምን ጎደለው? ማጠንከሪያው ነው የጎደለው። ሌላ ምን ሊጎድል ይችላል?

ማጠንከሪያው ደግሞ ውድ ነው።

ሐምሌ 10

የማጠንከሪያውን በርሜል ነቀነቅኩት። ቀሎ ተሰማኝ። ወይስ መሰለኝ? ማንም ሳያየኝ ደግሜ ነቀነቅኩት።

ሐምሌ 13

አባቴ «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይሉ ነበር። እኔ መጠርጠር አልወድም። ግን ዓይን ያየውን ምን ላድርገው?

አንደኛ፣ የሚደባልቀው ቀጭኔ ብቻ ነው። የማጠንከሪያው እያንዳንዱ ቅንጣት ከሙጫው ጋር በልክ የታጨ ነው። ትንሽ ቀንሶ በቲነር ቢሞላው ዓይን አይለየውም፤ ሙሽራ ያጣው ሙጫ ግን ለዘላለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ሰውየው ተለውጧል። ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ይፈዛል። ፊቱ ይቀላል። ዛሬ «ሁለተኛውን ባልዲ ደባለቅከው?» ብዬ ብጠይቀው አፍጥጦ አየኝና «የቱን ባልዲ?» አለኝ። እጁ ላይ ይዞት! አፉ ውስጥ ደግሞ ሎሚ አይጠፋም። ሎሚ የሚመጥጥ ሰው አፉን የሚያጥበው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አጎቴ የመጠጥ ሽታውን በካራሜላ ነበር የሚደብቀው።

ጠጪ ገንዘብ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግልጽ ነው።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ወንድሟ ነው። እጇ ላይ ነው ያደገው።

ሐምሌ 16

ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት ውስጥ ባለቤቴና ቀጭኔ ያወራሉ። ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር፤ ልሰማ ብዬ አይደለም።

እሱ፣ «ለጋሼ ምንም እንዳትነግሪው። በናትሽ።»

እሷ፣ «እስከ መቼ? አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም።»

እሱ፣ «ታንከሩ ይለቅና እተወዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ገባሁ። ዝም አሉ። እሷ ጨው ፈለገች፤ ጨው ፊቷ ተቀምጦ። «ምን ታወራላችሁ?» አልኩ። «ስለ አክስታችን ነው» አለች። አክስታቸው ምን እንደሆነች ሳትነግረኝ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ሳህን።

ታንከሩ ይለቅና እተወዋለሁ። ምኑን?

ሐምሌ 18

ተከተልኩት። አላፍርበትም።

ከፋብሪካው ወጥቶ ጫማ ሰፊው ጋ ሲደርስ፣ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ዘጭ አለ። ራሱን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ብዙ ተቀመጠ። ሰው ይጠብቃል ብዬ ከስልክ እንጨቱ ጀርባ ቆምኩ። ማንም አልመጣም። ተነስቶ ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፈ ፋርማሲ ገባ።

በቀን የጠጣ ሰው መድኃኒት መግዛቱ አይገርምም። የሚገርመኝ ማጠንከሪያውን የሚገዛው ሰው አለመምጣቱ ነው። ምናልባት አይቶኝ ይሆናል።

ሐምሌ 20

የሆስፒታሉ ተቆጣጣሪ መጣች። ወጣት ናት፤ ችኮላ የላትም። ጨርቋን አርሳ አሸች፣ በምላጭ ጫረች፣ ፕላስተር ለጥፋ መነጨቀችው። ቅቡ ከፕላስተሩ ጋር ተነስቶ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲደባለቅ ልኩ ይጠበቃል?» አለችኝ።

«ይጠበቃል።»

«ክፍሉስ አየር ያገኛል?»

«መስኮት አለው» አልኳት። ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

«እኔ ይህን መቀበል አልችልም። እርስዎም ቢሆኑ ልጅዎን በዚህ ውሃ አያጥቡም» አለችና ፈርማ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ነው የበራልኝ። መስኮቱ! በኋላ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው። ቀጭኔ ደግሞ ሁልጊዜ ገርበብ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ስዘጋው ይከፍተዋል። አንድ ጀሪካን በዚያ ማቀበል ምን ያህል ይከብዳል?

ሐምሌ 21

መስኮቱን በምስማር አስመታሁት። ክፍተቱንም በላስቲክ አስሸፈንኩ።

ቀጭኔ ብሩሹን ይዞ ቆሞ አየ። «ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ ብትተውልኝ…»

«አቧራ ይገባል።»

«በዚህ ዝናብ አቧራ?»

ወጣሁ።

ሐምሌ 23

ባሰበት። ቅቡ እንደ ዛሬ ነጭ ሆኖ አያውቅም። ጣቴ ይንሸራተትበታል።

ስለዚህ የሚያወጣው በመስኮቱ አይደለም፤ በበሩ ነው። ጥበቃውን ጠርቼ፣ «ሲወጣ ቦርሳውን ይፈትሹልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌው፣ «የባለቤትዎን ወንድም?» አሉኝ። «ሕግ ለሁሉም ነው» አልኳቸው።

ከቦርሳው የወጣው፣ ሎሚ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እርጥብ ሸሚዝ። ሸሚዙ ማስታወክ ይሸታል። ጥበቃው ዕቃውን አንድ በአንድ መልሰው እያስገቡ፣ «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። ቀጭኔ እሳቸውን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። በር ላይ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

የሰከረ ሰው ያስታውካል። ይኸው።

ሐምሌ 24

ባለቤቴ አታናግረኝም። ነግሯታል ማለት ነው።

ገላዋን ስትታጠብ የእጅ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ምን እንደምፈልግ እኔም አላወቅኩም። ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ መሐረብ። መለስኩት።

ስትወጣ ቦርሳዋን አነሳችና ዚፑን ዘጋችው። እኔም ሬዲዮኑን ከፈትኩ።

ሐምሌ 26

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «ይጠጣል። በሥራ ሰዓት።» ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። «ታንከሩ ይለቅና እናባርረዋለን። እስከዚያ አትልቀቀው፤ ሌላ ቀቢ የለንም» አለኝ።

ነገ ድብልቁን በገዛ እጄ እሠራዋለሁ። እኔ እመዝናለሁ፣ እኔ አማስላለሁ፣ እሱ ይቀባል ብቻ። በሩም ይዘጋል፤ ጥበቃው ፊት ለፊቱ ይቆማሉ። ማንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም። ቅቡ ከጠነከረ ሌባው ታወቀ።

ሐምሌ 27

ወድቆ አገኘነው። ታንከሩ ውስጥ። ብሩሹን እንደያዘ።

ጥበቃው ጠርተውት ዝም ሲላቸው በሩን ከፈቱ። ጮሁ። ሮጥኩ። በእግሩ ጎተትነው፤ ቁመቱ አላልቅ አለ። ውጭ ዝናቡ ፊቱ ላይ እየወረደበት ከንፈሩ ቀይ ነው፣ የሴት ከንፈር የሚመስል ቀይ። የእኔም ራስ ዞረ። እዚያ የገባሁት ለአፍታ ነበር።

ትንፋሽ አለው። አምቡላንስ። ባለቤቴን ማን ይንገራት።

ሐምሌ 28

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ምን ይነድ ነበር?» ብሎ ነው።

«ምንም አልነደደም። ቅብ ነው የምንሠራው።»

«እሳት አልነበረም? ከሰል፣ ጄኔሬተር፣ ማሞቂያ?»

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች። «የላምባ ማሞቂያ» አልኩ።

«አየር ያስገባ ነበር ክፍሉ?»

ይህን ጥያቄ ስጠየቅ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። «መስኮቱ ተዘግቶ ነበር» አልኩ። ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ አስረዳን። አየር ባጠረው ክፍል ላምባ ሲነድ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ደም ውስጥ የአየርን ቦታ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስታውካል፣ ያስረሳል። «ከሩቅ ሲታይ ሰካራም ያስመስላል» አለ። «ይህ የአንድ ቀን አይደለም። ብዙ ሲስበው ቆይቷል። ምንም አልተናገረም?»

ባለቤቴ መለሰች። «ለእኔ ነግሮኛል። ራሴን ያመኛል፣ ምግብ አይወርድልኝም ይል ነበር። ታንከሩ ይለቅና ሥራውን እተወዋለሁ፣ ጋሼ እንዳይሰማ አለኝ። ተዋርዶ ያስገባኝን ሰው አላሳፍርም አለኝ።»

ይህን ሁሉ ስትናገር ሐኪሙን ነበር የምታየው።

ሐምሌ 29

አልነቃም። ኦክስጅን ላይ ነው። እህቱ ከአልጋው አጠገብ አልተነሳችም። እኔን ውጣ አላለችኝም፤ ተቀመጥም አላለችኝም። ፋብሪካ ሄድኩ።

ማሞቂያዎቹ ጠፍተዋል። በገዛ እጄ የመዘንኩት፣ በገዛ እጄ ያማሰልኩት ቅብ አልቦታል። እንደ በፊቱ ነጭ፣ እንደ በፊቱ ቅባት። ማንም አልነካውም። ማንም አልቀነሰለትም።

ታንከሩ አፍ ላይ ተቀመጥኩና መጀመሪያ ማሰብ የነበረብኝን አሁን አሰብኩ። ላምባ ሲነድ የሚተነፍሰው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ማጠንከሪያው አሚን የሚባል ኬሚካል ነው፤ አሚን ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ሲያገኝ የታጨለትን ሙጫ ትቶ ከእነሱ ጋር ይጋባል። ነጩ ቅባት የዚያ ጋብቻ ልጅ ነው። ላይ ያለው ማጠንከሪያ እንዲህ ባክኖ ሲያልቅ ታች ያለው ሙጫ ብቻውን ይቀራል። ሽፋኑ ወፍራም ቢሆን ላዩ ብቻ ይበላሽ ነበር፤ ስስ ቅብ ግን ላይም ታችም የለውም፣ ሁለመናው ለአየር የተሰጣ ነው። መስኮቱን ስዘጋ ለምን እንደባሰበትም ገባኝ።

መገመት ይበቃኛል አላልኩም። ሁለት ቁራጭ ብረት ከአንድ ድብልቅ ቀባሁ። አንዱን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው አጠገብ መስኮት ከፍቼ አስቀመጥኩት። አንዱን ከላምባው ጋር እዚያው ዘጋሁበት፤ ሰው ሳይኖር።

ሐምሌ 30

የቢሮው እንደ መስታወት ያበራል። አሴቶን አይነካውም። የዚያኛው ነጭ ነው።

የሰረቀ የለም። የተሰረቀም የለም። አንዱ እሳት ቅቡንም ልጁንም ሲበላ ከርሟል፤ እሳቱን ያመጣሁት እኔ፣ መስኮቱን ያስመታሁት እኔ።

ማታ ባለቤቴ ደወለች። «ነቃ» አለችኝ። ዘጋችው።

ነሐሴ 1

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ። ድምፁ የወንድም ድምፅ ነው።

«ስማ፣ መርማሪ ይመጣል። ልጁ ጠጥቶ ነበር እንላለን። አንተው አይደለህ የነገርከኝ?»

«ነግሬሃለሁ።»

«እና ቃልህ ነው። ዘመድህ ስለሆነ ሆድህ እንደሚባባ አውቃለሁ። ግን የሞተ የለም። አንተም ክፍልህን ይዘህ ትኖራለህ።»

«አልጠጣም ነበር» አልኩት።

«አይተሃል አልከኝ እኮ!»

«ያየሁት ሲታመም ነው።»

ከዚያ፣ «መስኮቱን ማን አስመታው ቢሉህስ?» አለኝ።

ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለግማሽ ቀን ያህል አንድ ሐሳብ አልተወኝም፤ መስኮቱን አስመታሁ እንጂ ለምን እንዳስመታሁት ማን ያውቃል? አቧራ ብዬ ነው። ሁሉም የሰማው አቧራ ነው።

ነሐሴ 3

ተናገርኩ። ለመርማሪው፣ ተቆጣጣሪዋም ባለችበት። ሁለቱን ብረቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ማሞቂያውን፣ መስኮቱን፣ ለምን እንዳስመታሁትም። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ነጩን ብረት በጣቷ ዳሰሰች። «ስጠይቅዎት መስኮት አለው አሉኝ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከኃላፊነቴ አነሱኝ። ታንከሩ እስኪስተካከል በተራ ሠራተኛነት እቆያለሁ። ነጩን በለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ ለስላሳውን ፍቆ እስከ ብረቱ መውረድ፣ እንደገና መቀባት። የምፍቀው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 6

ቀጭኔ ጋ ሄድኩ። አልጋው አጥሮት እግሩ ወጥቷል። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ቅቡ… ቅቡ እንዴት ሆነ? አበላሸሁብህ አይደል?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋኝ። «አንተ ምንም አላበላሸህም። መስኮቱን ያስመታሁት ዕቃ የምታወጣ መስሎኝ ነው» አልኩት።

ቆየ። ቃላት ቶሎ አይመጡለትም አሁን፤ የገባው አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ፣ «ምን አወጣለሁ? በርሜል?» አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲያልፍ አይስቅም ነበር።

«ቦርሳዬን ያስፈተሽከኝም ለዚሁ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ራሴን ያመኛል ብዬ ብነግርህ… ሰነፍ ነው ትላለህ ብዬ…» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂድ ጋሼ። ዛሬ ሂድ። ሌላ ቀን ና።»

ሌላ ቀን ና ብሎኛል። ይህን መንገድ ላይ ደጋግሜ ለራሴ አልኩት።

ነሐሴ 17

ታንከሩ አለፈ። ተቆጣጣሪዋ ጨርቁን አሸች፣ አሸች፤ ጨርቁ ቀለም ሳይነካው ወጣ። ፕላስተሩ ባዶውን ተነሳ። ማንም አላጨበጨበም።

ቀጭኔ ከሆስፒታል ወጥቶ እኛ ቤት ነው። ወደ ቅብ አይመለስም፤ ሐኪሙም እሱም ብለዋል። አልፎ አልፎ የማንኪያን ስም ይረሳል። የማስታወስ ችሎታው ይመለሳል ብለዋል፣ ቀስ በቀስ። ጠዋት ጠዋት አብረን እስከ ጥግ እንራመዳለን። ብዙ አናወራም። ትናንት አስፋልቱን ሲሻገር ክንዴን ያዘ፤ ከተሻገርን በኋላ ለቀቀው።

ነሐሴ 23

ባለቤቴ ልብስ ስታጥፍ አንሶላውን ከወዲያ ጫፍ ያዝኩላት። እሱ ተኝቷል።

«ወንድሜን ሌባ ነው አልክ» አለችኝ። «ሰካራም ነው አልክ። እሱ ይቅር ብሎሃል፤ የእሱ ጉዳይ ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እኔንስ ምን ብለህ ነበር?»

«አንቺንማ አልጠረጠርኩም» አልኳት።

አንሶላውን አጠፈች። ደግማ አጠፈች። ትንሽ ጨርቅ እስኪሆን።

«ከሌባ ጋር የምትካፈይ መስሎኝ ነበር» አልኩ። «ሁለታችሁ ስታወሩ በሰማሁ ቁጥር። ወጥ ቤት ስትሆኚም፣ ስትተኚም። ዝም ስትዪኝ ይብስ ነበር።»

አጠገቤ ተቀመጠች። የታጠፈው አንሶላ ጭኗ ላይ ነው። በመዳፏ ዳበስ አደረገችውና፣

«አሁን ገና አናገርከኝ» አለችኝ።